የታጠበው ግራሶ

ፓምፑ የቆመው ጥር ላይ ነው። ውስጡ ያለው ሰንሰለት ተበጠሰና እጀታው እንደ ተሰበረ ክንድ ተንጠለጠለ። ወረፋ ይዘው የነበሩት ሴቶች ሣቁ እንጂ አልደነገጡም። ለምን ይደነግጣሉ? መለዋወጫ አለን። ሰንሰለቱም፣ ኩሽኔታውም፣ ዘንጉም፣ ብሎንና ዳዶውም በአንድ የብረት ሣጥን ታሽጎ በእኅቴ በእታፈራሁ ጓዳ ተቀምጧል።

ቀበሌያችን ከዲምቱ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለች ናት። ፓምፑ ሳይተከል በፊት የምንጠጣው የቢላቴን ወንዝ ነበር። ሴቶች ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ፀሐይ ሲከር ይመለሳሉ፤ ይዘውት የሚመለሱት ደግሞ ግማሹ ጭቃ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩልን የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ ሕዝቡን ሰብስበው ሣጥኑን በፊታችን አሸጉ። እያንዳንዱ ብረት ጥቁር ግራሶ ተቀብቶ፣ በወፍራም የሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ገባ። በመካከሉ ፍሬ ፍሬ ነገር የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ተደረጉ። አለቃቸው ፓምፑ እስኪበላሽ ድረስ ማንም እንዳይከፍተው አስጠነቀቀ። ግራሶው የብረቱ ልብስ ነው አለ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ ሲጠየቁ አልሰማንም የሚሉት ሁሉ ያኔ እዚያ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

ቁልፉን እንድትይዝ ሴቶቹ እኅቴን መረጡ። ባሏ ለጉልበት ሥራ ወደ እርሻ ልማት ከሄደ ወዲህ እኔ ከእሷና ከልጆቿ ጋር ነው የምኖረው። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ አደረገችው። ስትተኛም አታወልቀውም።

ሰንሰለቱ በተበጠሰ ሰሞን ኢሳይያስ የሚባለው የወረዳው የውኃ ቴክኒሻን በሞተር ብስክሌቱ መጣ። ሣጥኑ ከጓዳ ወጥቶ ፓምፑ አጠገብ ተቀመጠ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዱባለ ኮቱን ለብሶ ከፊት ቆመ። እኅቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ከፈተች። ኢሳይያስ በክዳኑ ዙሪያ የተጠመጠመውን ፕላስተርና የደረቀውን የሻማ ሰም በቢላዋ ቆርጦ ክዳኑን አነሣ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ ረግረግ ውስጥ የከረመ ቆርቆሮ ዓይነት ሽታ። ከዚያ ቀዩን አየን። ሰንሰለቱ ሲነሣ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ አንዱ ቀለበት ከሌላው ጋር ተጣብቋል። ኢሳይያስ ኩሽኔታውን በሁለት እጁ ይዞ ሊያዞረው ሞከረ፤ አልዞር አለው። የብሎኖቹ ጥርስ ተበልቷል። ላስቲኩን ሲገለብጠው ከውስጡ ቀይ ውኃ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ብረቱን ሁሉ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ጣለና እጁን በሣር ጠረገ። ሴቶቹ አሁን አልሣቁም። ከሁሉ በፊት የተናገረው ዱባለ ነው።

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» አለ።

ቁልፉ ማን ጋ እንደ ነበር የማያውቅ ሕፃን እንኳ በዚያ አልነበረም። ገና እኅቴ እጅ ላይ ነው፤ መልሳ አንገቷ ውስጥ አልከተተችውም። የጠየቀው ሊያውቅ አይደለም። ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያያት ነው፤ ሰው ሁሉም ዞሮ አያት። ተናደድኩ። አፌ ግን አልተከፈተም። ሰው በተሰበሰበበት ቃል አይወጣኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ካቻምና መስከረም ላይ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ዱባለ ቀበሌያችን በውኃ አያያዝ ሞዴል ተብላ እንድትመረጥ ፈልጓል። ጊዜው የጊፋታ ሰሞን ነበር። በእኛ አገር ጊፋታ ሲደርስ በቤት ያለ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ይታጠባል፤ ያሮጌው ዓመት ጥላሸት ወደ አዲሱ አይሻገርም። ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ዶማው ሳይቀር በአመድ ተፈትጎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ዱባለ በዚያው ሰሞን እኅቴ ቤት መጥቶ ሣጥኑን አስከፈተ። ጥቁሩን ግራሶ ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። የራሳችሁን ዕቃ አጥባችሁ የሕዝቡን ዕቃ በእድፍ ታስቀምጣላችሁ ወይ አለ። እንግዶቹ ይህን አይተው ምን ይሉናል አለ።

እኅቴ አይሆንም አለችው። ቆማ ነው የነገረችው፤ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አለቃቸው አትክፈቱ ብሏል፣ ልብሱ ነው ብሏል አለች።

«ሰውየው አገሩ ገብቷል» አላት። «እኛ እዚህ ነን። አንቺ እንግዳ በቆሸሸ ልብስ ነው የምትቀበይው?»

ከዚያ ሴቶቹን ጠራ። እነሱም መጡ፤ ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። ግራሶ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅምና ውኃ ተጣደ። በአመድ፣ በኦሞ፣ በጭድ ተፈተገ። የሰም ወረቀቱን አንዷ ለልጇ ደብተር መሸፈኛ ይሆናል ብላ ወሰደችው። ከትናንሾቹ ከረጢቶች አንዱን ዱባለ ራሱ ቀዶ በመዳፉ ላይ አፈሰሰና ጨው ነው አለ። ጨው ብረት እንደሚበላ የማያውቅ ማን አለ፣ ማን ነው ይህን እዚህ የከተተው ብሎ ሁሉንም ወደ ጓሮ ወረወረ። ሴቶቹ አዋቂነቱን አደነቁ። በጊፋታ መንፈስ ስለ ነበሩ እየዘፈኑ ነበር የሚያጥቡት።

እንግዶቹ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ብረቱ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጥሎሽ ተደርድሮ ያብረቀርቃል። አንዱ እንግዳ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ተነሣ። ተጨበጨበ። ዱባለ የምስክር ወረቀት ተቀበለ፤ እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መኪናው ገና ሳይርቅ ማካፋት ጀመረና ዕቃው በጥድፊያ ተለቃቅሞ እንደ ረጠበ ከነላስቲኩ ወደ ሣጥኑ ገባ። እኅቴ ፀሐይ እስኪወጣ ይቆይ ብላ ለምናው ነበር። እሱ ግን አየር እንዳይገባ ብሎ በገዛ እጁ ፕላስተሩን ደጋግሞ ጠመጠመበት፤ በላዩም ሻማ አንጠባጠበበት። ከእንግዲህ ጉንዳን እንኳ አይገባበትም አለ።

እውነቱን ነው። ምንም አልገባበትም። ከውስጡም ምንም አልወጣም።

ኢሳይያስ ሊሄድ ሲል ሞተሩ ድረስ ተከተልኩት። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ መናገር አያቅተኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝና አስረዳኝ። ግራሶው እርጥበትና አየር ብረቱ ጋ እንዳይደርሱ የሚከለክል ነው። ከረጢቶቹ ውስጥ የነበረው ጨው አይደለም፤ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው። ዕቃ ደግሞ የሚታሸገው ውስጡ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው።

«እናንተ ያሸጋችሁት ውኃውን ነው» አለኝ። «ሣጥኑን ክፍት ብትተዉት እንኳ ይህን ያህል አይሆንም ነበር።»

ይህን በስብሰባ ላይ ይናገር እንደ ሆነ ጠየቅኩት። ሄልሜቱን አጠለቀ። እኔ የማየው ብረቱን ነው፣ የሰዉን ጉዳይ እናንተ ጨርሱት አለ። አዲስ መለዋወጫ ከሶዶ እንዲላክ ይጽፋል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። አቧራው ውስጥ ቆሜ ተሳደብኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ለነገሩ እንዲሰማኝ አድርጌ አይደለም የተሳደብኩት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ወደ ቢላቴ መውረድ እንደ ገና ተጀመረ። የሴቶቹ ትከሻ በጀሪካን ገመድ ተላጠ። የእኅቴ ትንሹ ልጅ ከጭቃው ውኃ ጠጥቶ ሆዱን ያዘውና ሲያስመልሰው ሰነበተ። በመንገዱ ላይ ወሬው አንድ ሆነ፤ ቁልፉ እኮ እሷ ጋ ነበር። ይህን የሚሉት እነዚያው ያጠቡት ናቸው። ጎረቤታችን ሣራ ሰንሰለቱን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ በጭድ ስትፈትግ አይቻታለሁ። እንዴት እንዳበራሁት እዩልኝ ስትል ሰምቻታለሁ። አሁን እኅቴን መንገድ ላይ ስታገኛት ጀሪካኗን ወደ ሌላው ትከሻ አዙራ ፊቷን ትከልላለች።

ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። በሴፍቲኔት ማን እንደሚታቀፍ የሚወስነው ዱባለ ነው። ማዳበሪያ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። ሰው ለልጁ ጉሮሮ ይፈራል። ይህን ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። የፈራ ሰው ዝም ይበል። ዝም ማለት ሌላ ነው፤ በሰው ላይ ማውራት ሌላ ነው።

ግምገማ ተጠራ። በዋዜማው ሽማግሌው ወልደመስቀል ቤታችን መጡ። ሊቀመንበሩ ልኳቸው ነው። ውኃ እንኳ አልጠጣም ብለው፣ ያለችውን አታባክኑ ብለው ተቀመጡ። ነገሩ ቀላል ነው አሉ። እታፈራሁ ትነሣና ግለ ሂስ ታድርግ፤ በእኔ ጉድለት ነው የዛገው ትበል፤ ቁልፉን ታስረክብ። አይቀጧትም፣ አይከሷትም። ይመዘገብና ያልፋል።

እኅቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«አባባ፣ የሚያልፈው ለማን ነው?» አለቻቸው። «እነዚህ ልጆች የውኃ ገዳይ ልጆች ተብለው ሲያድጉ ለእነሱም ያልፋል?»

«ለእነሱስ አያልፍም» አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። በእኛ አገር ስም ከሰው ቀድሞ መንገድ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከወጣ ለዳኝነት ሲቀርቡም፣ ልጅ ሲድሩም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ይህን እሳቸው ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ።

ግምገማው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተደረገ። ዱባለ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ ክሱን በአማርኛ ጀመረ። በቀበሌያችን አማርኛ የስብሰባ ቋንቋ ነው፤ በእሱ የተነገረ ነገር ሁሉ ያለቀለት ውሳኔ ይመስላል። የንብረት አያያዝ ጉድለት አለ። የተጠያቂነት መጓደል አለ። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እታፈራሁ የምታከራየው ቤት አላት እንዴ ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ጥቂቶች ሣቁ። ዱባለ አልሣቀም። ኢሳይያስ ከወረዳ ተወክሎ በአጠገቡ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል።

እኅቴ እንድትነሣ ተነገራት። ተነሣች።

«አላጠፋሁም» አለችና ተቀመጠች።

ዱባለ ኩርፊያ ግለ ሂስ አይደለም አለ። ለራሷ ሲባል ዕድል እንደ ተሰጣት፣ እሷ ግን እንዳልተጠቀመችበት በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዘ። ከዚያ ሐሳብ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ማንም ሐሳብ እንደሌለው ሲያውቅ ነው። ሣራን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች ነው። ከሣራ ቀጥሎ ያሉትን አየሁ። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ያ ሁሉ ያጠበ እጅ እቅፋቸው ውስጥ ተደብቋል።

መነሣቴን ያወቅኩት አግዳሚው ወንበር ከኋላዬ ሲወድቅ ነው።

«ሶርሳ!» አለ ዱባለ። «አንተም ምላስ አለህ እንዴ? እኛ እኮ የሆነ አገር ትተኸው የመጣህ መስሎን ነበር።»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ዝም ቢሉ ኖሮ መልሼ የምቀመጥ ይመስለኛል። ሣቃቸው ነው በእግሬ ያቆመኝ። ዱባለን በዕድሜዬ ሙሉ እርስዎ ስል የኖርኩ ነኝ፤ አባቴ ቢኖር የእሱ እኩያ ነው። ያን ቀን አንተ አልኩት።

«ግራሶውን እጠቡ ያልከው አንተ ነህ» አልኩ። «ከረጢቶቹን ጨው ነው ብለህ የጣልካቸው አንተ ነህ። እሷ ይድረቅ ስትልህ እርጥቡን ያሸግከው አንተ ነህ። ሻማውን ማን አንጠባጠበ? በላ፣ ንገራቸው።»

ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ ግን አልተቀመጥኩም። ሣቁ ቆመ። ዱባለ ይህ ልጅ ጠጥቶ መጥቷል ወይ ብሎ ዙሪያውን አየ። ያኔ ሽማግሌው ወልደመስቀል ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ወደ ሊቀመንበሩም ሳይዞሩ ኢሳይያስን ጠየቁት። ያ ጥቁር ነገር ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ብረቱ ይዝግ ነበር ወይ አሉት።

ኢሳይያስ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ዱባለን በቀጥታ አላየውም።

«አይዝግም ነበር» አለ።

አሁን ይለቃታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ዱባለን አላውቀውም ነበር ማለት ነው። ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ ጉዳዩ እንግዲህ ግልጽ ሆኗል አለ። ዕቃው የታጠበው በጋራ ነው፤ ያጠቡትም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው። አንድን ሰው ነጥሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም። የጋራ ጥፋት ተብሎ ይያዝ፣ ሁላችንም ተምረንበታል አለ። እያንዳንዱ ፊት ሲፈታ አየሁ። ሣራ ነጠላዋን ለቀቀች። ከጥግ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና ሌሎቹ ተከተሉት። እኅቴን ሲከሷት ያልነደደኝን ያህል ያን ጊዜ ነደደኝ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ቀይ ውኃ ለሁሉም ጠብታ ጠብታ አካፍሎ እጁን ታጥቦ ሊወጣ ነው፤ እነሱም ያጨበጭቡለታል።

እኅቴ ሳትጠየቅ ተነሣች። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመች።

«የጋራ ነው ካልክ እሺ» አለችው። «ሸክሙም የጋራ ይሁን። ነገ ጠዋት ጀሪካን ይዤ በርህ ላይ እመጣለሁ። ቢላቴ አብረን እንወርዳለን።»

በእኛ አገር ወንድ ውኃ አይሸከምም። ሊቀመንበር ይቅርና ጎረምሳም አይሸከምም። ወንዶቹ በሣቅ ፈረሱ። አንዱ ለሊቀመንበሩ ማዘያ ጨርቅ እናዋጣ አለ። ዱባለም አብሯቸው ሣቀ፤ ቀልድ አድርጎት ስብሰባውን ዘጋ። እኅቴ ግን አልሣቀችም። ሴቶቹም አልሣቁም። ይህን ያስተዋልኩት ከወጣን በኋላ ነው።

ጠዋት ሄድን። እሷ ሁለት ጀሪካን ያዘች፤ አንዱ የራሷ ነው፣ አንዱ እሱ እንዲሸከመው። እኔም አንድ ያዝኩ። ወደ ወንዙ የሚወርዱት ሴቶች ከኋላችን ራቅ ብለው ይከተሉናል። ከዱባለ አጥር በር ስንደርስ የእሱን ቢጫ ጀሪካን በሩ መካከል አስቀመጠችና በስሙ ጠራችው። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ያወራ ነበር። ሬዲዮው ጠፋ። ደግማ ጠራችው።

የወጣችው ሚስቱ ሳህሊቱ ናት። ሳህሊቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከእኅቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት። እሱ ወደ ወረዳ ሄዷል አለች። ጫማው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ማየታችንን ስታይ ፊቷ ቀላ። ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ልታነሣ ስትል እኅቴ እጀታውን ያዘችባት።

«አንቺን አልጠራሁም» አለቻት።

«ተዪኝ፣ እታፈራሁ። እኔ ልውረድ። ለእኔ ብርቄ አይደለም።»

«ለዚያ ነው እኮ የማልሰጥሽ።»

ሳህሊቱ እጀታውን ለቀቀች። ወደ ቤት ሳትገባ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከኋላችን የነበሩት ሴቶች ደርሰዋል። ሣራ ከያዘቻቸው ጀሪካኖች አንዱን ከእኅቴ ጀሪካን ጎን አስቀመጠች። እኔን አላየችኝም። ሌላዋም አስቀመጠች። ሣራን ይቅር የምልበት ልብ ያን ጠዋት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ጀሪካኗን ማስቀመጧን ግን አየሁ።

ወደ ቢላቴ ወረድን። በመንገድ ያገኙን ወንዶች ቀሚስ ይሰፋልህ አሉኝ። አንዱን አላውቀውም፤ የቀሩትን አውቃቸዋለሁ። ጀሪካኑን ሞልቼ በጀርባዬ ሳዝለው ገመዱ ደረቴን ሲቆርጠው ሴቶቹ በየቀኑ ምን እንደሚያደርጉ ገባኝ፤ ንዴቴም እንደ ገና ተነሣ። ሳህሊቱ ይህን የምትችለው ስለ ለመደችው ነው። እሱ የማይችለው ሌላ ስለሚሸከምለት ነው። ዳገቱን ስወጣ ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ነበር።

ስንመለስ ፀሐይ ከርሯል። ጀሪካኖቹ በዱባለ በር መካከል እንደ ቆሙ ናቸው፤ ስንሄድ ከነበሩት በዝተዋል። ማንም አልነካቸውም። ሊቀመንበሩ ኮቱን በክንዱ ይዞ በጓሮ፣ በእንሰቱ መካከል ወጥቶ ወደ ዲምቱ ሄደ አሉ። ጫማው ደጃፉ ላይ አልነበረም።

እኅቴ ሳትቆም አለፈች። እኔ ከነሸክሜ ቆምኩ። በጀሪካኖቹ መካከል ማለፊያ የለም፤ ወደ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው አንሥቶ ነው የሚገባው። እኅቴ ያስቀመጠችውን ቢጫውን ላዩን በእጄ ነካሁት፤ ከፀሐዩ የተነሣ ይፋጃል። ባለበት ተውኩት።